የቁጥር አሥራ ሰባት ቀይ ጨርቅ

ጠሀ በዚያ ሐሙስ ያሰረው ጨርቅ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ጨርቅ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚተረክ ነገር ባልኖረ ነበር።

ጊዜው 1958 ዓ.ም. ነው። ጠሀ በመብራት መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ዓመት ተለማማጅ ነበር። አንድ ተለማማጅ ሥራ ሲጀምር አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የቆዳ መታጠቂያና ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ከክንድ የማይበልጥ ቀይ ጨርቅ ይረከባል። ከአራቱ ዕቃ ርካሹ ጨርቁ ነው። የሚከበረው ግን እሱ ነበር። ሠራተኛ ሽቦ ሊነካ ሲል መጀመሪያ የሳጥኑን እጀታ ወደ ታች ስቦ ኮረንቲውን ያጠፋል፤ ከዚያ ጨርቁን እጀታው ላይ ያስራል። ጨርቁ እዚያ እስካለ ድረስ ሚኒስትር እንኳ በጨለማ ቢቀመጥ እጀታውን የሚያነሳ የለም። ሥራው ሲያልቅ ያሰረው ሰው ራሱ መጥቶ በገዛ እጁ ይፈታዋል። ሕጉን በሦስት ቃል ይሉታል፦ ያሰረ ራሱ ይፍታ።

ይህን ያስተማሩት ጋሼ አገኘሁ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ምሰሶ ላይ የኖሩ፣ ቀልድ የሚያውቁ የጎጃም ሰው።

«አንተ የወሎ ልጅ፣ ኮረንቲ እንደ አማት ነው» ይሉት ነበር። «ዝም ስላለ ተኝቷል አትበል።»

ቋጠሮም አስተማሩት። ሲጎትቱት ይብስ የሚጠብቅ፣ አጭሩን ጫፍ ከሥር ወደ ላይ ሲገፉት ግን ያለ ድካም የሚለቅ ቋጠሮ ነው። «ይህን የሚያውቅ እኔና አንተ ብቻ ነን። ሌላው በጥርሱም አይፈታው» አሉት። ጠሀ ኮራ። ሲኮራ ደግሞ የሚነግረው ሰው አያጣም ነበር።

ራዲያን ያገኛት መርካቶ ጨርቅ ተራ፣ በአባቷ በሐጂ ዘይኑዲን ሱቅ ቆጣሪ ሲያስገባ ነው። እሱ ግድግዳ ሲበሳ ሻማ ይዛለት ቆመች። አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ሻማው አለቀ። በሌላ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጨርቅ በዝናብና በፀሐይ አልቆ ክሩ ሲተረተር አየችና፣ ከአባቷ ጣቃ ላይ ቀይ ፖፕሊን ቆረጠችለት። ጠርዙን አጥፋ ሰፋችው፤ በነጭ ክር «17» ብላ ጠለፈችበት። ከጠርዙ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ሳይሰፋ ተወች።

«ይህ ምንድን ነው? ረሳሽው?» አላት።

«አልረሳሁም» አለች፤ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ። «ወረቀት ይገባበታል።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው ቀጭን መተላለፊያ የተራውን መብራት የሚያጠፋና የሚያበራ የብረት ሳጥን አለ። ጠሀ በዚያ ሲያልፍ ጨርቁን ሳጥኑ ላይ አስሮ ይሄዳል፤ ደብዳቤው ጠርዙ ውስጥ ነው። ቋጠሮውን አስተምሯት ነበርና ራዲያ ትፈታዋለች፤ በማግስቱ መልሷን ከታ በዚያው ቋጠሮ ታስረዋለች። መጀመሪያ ፈርታ ነበር።

«ሰው ቢያነሳውስ?»

«መርካቶ ውስጥ ይህን ጨርቅ የሚነካ ሰው የለም። ካሰረው ሰው በቀር ማንም አይፈታውም፤ ሕግ ነው።»

«እኔስ?»

ጠሀ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንቺና እኔ አንድ ነን» አላት።

ከዚያ በላይ አላብራራም። ጨርቁ ለምን እንደሚታሰር፣ እጀታው ወደ ላይ ሲሆን ምን፣ ወደ ታች ሲሆን ምን እንደሆነ አልነገራትም። ፍቅረኛ ፊት ቆሞ ስለ እጀታ የሚያወራ ማን አለ?

*

ሐጂ ዘይኑዲን ክፉ ሰው አልነበሩም። የጠሀ አጎት ለሽምግልና ሲሄዱባቸው፣ «ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «ግን ልጄን ለመሰላል አልድርም። ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይዞ ይምጣ። እስከ ሰኔ ማብቂያ እጠብቃለሁ።»

የመጨረሻው ፈተና ሰኔ ሃያ አምስት ነበር። ጠሀ ቀኖቹን በጣቱ እየቆጠረ ሳለ፣ በወሩ መጀመሪያ ሰኞ፣ የራዲያ ደብዳቤ ደረሰው።

«አንድ የደሴ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኳል። አባባ ቃሉን አላጠፈም፤ ግን ምርጫውን ለእኔ ትቶታል። ‹ያ ልጅ በምስክር ወረቀቱ የሚተማመን ከሆነ አንድ ቃል ይበልሽ› ብሎኛል። ጠሀ፣ አንድ ቃል ጻፍልኝ። ጠብቂኝ ካልከኝ እጠብቃለሁ። ዝም ካልከኝ ዝምታህን አነበዋለሁ።»

እስከ ረቡዕ ሌላ ሰፈር ተመድቦ ስለነበር ወደ ጨርቅ ተራ አልመጣም። በእነዚያ ቀኖች አምስት ደብዳቤ ጽፎ አምስቱንም ቀደደ። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ለመነ፣ አንዱ ፎከረ። ረቡዕ ማታ በስድስተኛው ወረቀት ላይ የተጠየቀውን አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ ጠብቂኝ። አጥፎ በቱታው የደረት ኪስ ከተተው። የነገው ሥራ ጨርቅ ተራ ነው። ሥራው ሲያልቅ እጀታውን ያነሳል፤ ከዚያ ወረቀቱን ጠርዙ ውስጥ ከቶ፣ ጨርቁን አስሮላት ይሄዳል። እንዲህ አሰበ፤ በደስታም ተኛ።

*

ሐሙስ ጠዋት ከሐጂ ዘይኑዲን ሱቅ አምስት ሱቅ አለፍ ብሎ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ምሰሶ ላይ የሽቦ መጋጠሚያ ተቃጥሎ ነበር። ጠሀ በመተላለፊያው ዞሮ እጀታውን አወረደ፤ ቀዩን ጨርቅ አሰረ። ጋሼ አገኘሁ እንደ ልማዳቸው መጥተው ቋጠሮውን ጎተት አደረጉት።

«ጎበዝ። ግን ይህ ጥልፍ ምንድን ነው? ሙሽራ ልትድርበት ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ አልቆብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«አልቆብህ ነው ወይስ አግኝተህ ነው?» ሳቁና ወደ መንገዱ ዞረው ምሰሶው ላይ ወጡ። ከዚያ ላይ ሳጥኑ አይታይም፤ ሳጥኑን የሚያምኑት በጨርቁ ነው።

ጥቂት ቆይተው ትልቁን ፒንሳ ጠየቁት። ፒንሳው መኪናው ላይ ቀርቶ ነበር፤ መኪናው ደግሞ በሰውና በአህያ ብዛት መግባት አቅቶት ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠሀ ሮጠ። ሲመለስ፣ አንድ ሃያ እርምጃ ሲቀረው፣ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማ። ጩኸት አልነበረም። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ፤ ዝምታን የማያውቀው መርካቶ አንድ ትንፋሽ ያህል ፀጥ አለ።

ጋሼ አገኘሁ በቆዳ መታጠቂያቸው ተንጠልጥለዋል። ቀኝ እጃቸው ይጨሳል።

ጠሀ ወደ ሳጥኑ በረረ። እጀታው ተነስቷል። መልሶ አወረደው። ጨርቁ የለም። የተራው ልብስ ሰፊ ጠይብ ከሳጥኑ አጠገብ ደርቆ ቆሟል።

«ጨርቅ አልነበረም» አለ ጠይብ። «ወላሂ አልነበረም፣ ጠሀ። እጀታው ወርዶ አየሁት፤ ጨርቅ የለበትም። ካውያዬ በረደብኝ ብዬ አነሳሁት። ኮረንቲ በዝቶበት ሲወርድ ሁልጊዜ እናነሳው የለም? አንተ ራስህ ሲወርድ አንሱት ብለኸን የለም?»

ጠሀ እጀታውንና መሬቱን ፈተሸ። ቋጠሮው አልተቆረጠም፤ መሬት ላይ የወደቀ አንድ ክር እንኳ የለም። ያንን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ሦስት ብቻ ነው። አንዱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ እሱ ነው። እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ወረቀቱ ከልቡ በላይ፣ እንደተጣጠፈ ነበር።

*

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምን አለሽ ተራ ተገናኙ። ከድሮም መገናኛቸው እዚያ ነበር፤ ቀጥቃጮቹ በርሜል ሲቀጠቅጡ የሁለት ሰው ወሬ ለሦስተኛ ሰው አይሰማም። ራዲያ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባዋለች። ጨርቁ እጇ ውስጥ ተጨብጧል።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ቀን ጠበቅኩህ። ሳየው ልቤ ዘሎ ሊወጣ ነበር። እዚያው ቆሜ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት።» መዶሻው ወረደና ቃሏን ዋጠው፤ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ባዶ ነበር። ጠሀ፣ ለምን ባዶ አሰርክልኝ?»

«ለአንቺ አላሰርኩትም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ራዲያ። ጨርቁ የሥራ ነው። ሽቦ ላይ ሰው አለ፣ አትንኩ ማለት ነው። መጀመሪያም ለእሱ ነው የተሠራው።»

ጠሀ እንደ ድንጋይ ከብዶ የሚወርድ ነገር ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየ።

«አልነገርከኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

«አንቺና እኔ አንድ ነን አልከኝ እንጂ፣ ሰው ይሞትበታል አላልከኝም።»

ቀጥቃጩ በርሜሉን ገለበጠና ሌላውን ጎን ጀመረ።

«ጨርቁን ደብቄ ቤት ገባሁ» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ለስላሳ ነበር፤ ያም ይብሳል። «አባባ ገና ወደ ሱቅ ሳይወጣ ‹ልጁ ምን አለሽ?› አለኝ። ዝም አለኝ አልኩት። እንግዲያ የደሴዎቹን እሺ ልበላቸው ወይ አለኝ። እንደ ወደድክ አልኩት። ወዲያው ሰው ላከ። ማታ ሲገባ ነው አንድ ሠራተኛ ተቃጠለ፣ ጨርቅ አልታሰረም እየተባለ ነው ሲል የሰማሁት።»

«ቃል ሰጥተሻል ማለት ነው።»

«ባዶ ጨርቅ አንብቤ ሰጠሁ። ነገ ምርመራ አለብህ አይደል? ጠይብንም ፖሊስ ይዞታል። እገባለሁ። ጨርቁን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ እኔ ነኝ እላለሁ። ለአባባም እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? የሐጂ ዘይኑዲን ልጅ በድብቅ ስትጻጻፍ ከርማ፣ የሰው እጅ አቃጠለች ይባል? ደብዳቤዎቹ በፖሊስ እጅ ጮክ ብለው ይነበቡ? አባትሽ በዚህ ገበያ ቀና ብለው ይሄዳሉ?»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ።» ቀረብ አለችው። «መልስ ጽፈህልኝ ነበር ወይስ አልጻፍክልኝም?»

«ጽፌ ነበር።»

«ምን ይል ነበር? ጠብቂኝ የሚል ከሆነ፣ ወላሂ ከዚህ ቀጥታ ወደ አባባ ነው የምሄደው። ቃሌንም አፈርሳለሁ፤ ነገም እገባለሁ። የፈለገው ይምጣ።»

ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁን ብቻ መስደድ በቂ ነበር። ጠሀ ዓይኗን አየ። እውነቷን እንደሆነ አወቀ፤ ትገባለች፣ ትናገራለች፣ እሱ በአንድ ቀን መኩራራት የከፈተውን ጉድጓድ እሷ በመላ ዕድሜዋ ትሞላዋለች። ቀጥቃጩ መዶሻውን ሲያነሳ ጠበቀ፤ በመዶሻ መሀል ውሸት ይቀላል ብሎ ነበር። ሰውየው ግን እንደ ተንኮል ላቡን ሊጠርግ አረፈና ተራው ፀጥ አለ።

«የደሴውን እሺ በይ የሚል ነበር» አለ።

ራዲያ አላለቀሰችም። ቢያንስ ታለቅሳለች ብሎ ነበር።

«እህ» አለች። «ስለዚህ ጨርቁ አልዋሸኝም።»

ጨርቁን እጁ ላይ አኖረችው። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ነጭ ክር ተመዝዞ ጥልፉ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አንስታ ጣለችው። ከዚያ በበርሜሎቹ መሀል ሄደች፤ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ጠሀ እስክትዞር ጠበቀ። መጥፋቷን ካየ በኋላም ጠበቀ።

*

ቅዳሜ ጠዋት የመርማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ መሀል ላይ መነጽር ያደረጉ ኢንጂነር፣ ዳር ላይ ጸሐፊ። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ጠይብ ከፖሊስ ጋር ተቀምጧል፤ በሁለት ሌሊት አሥር ዓመት አርጅቷል።

ጠሀ ሌሊቱን መንገዶቹን ሁሉ ሄዶባቸው ነበር። አሰርኩ ብሎ ዝም ቢል፣ የታሰረውን ጨርቅ ፈታ ተብሎ ጠይብ ይፈረድበታል። አላሰርኩም ቢል፣ ጋሼ አገኘሁ ጨርቅ ሳያዩ ወጡ፣ ጥፋቱ የራሳቸው ነው ተብሎ እጃቸውን ያጡት ሰው ጡረታም ያጣሉ። እውነቱን ቢናገር ራዲያ አለች። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ።

«ጨርቁን አስረህ ነበር?» አሉ ኢንጂነሩ።

«አዎ ጌታዬ። ጋሼ አገኘሁም ቋጠሮውን ጎትተው አይተዋል።»

«ታዲያ ጠይብ አልነበረም ይላል።»

«እውነቱን ነው። አልነበረም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

«እኔ ፈታሁት» አለ ጠሀ። «ፒንሳ ላመጣ ስሄድ በሳጥኑ በኩል አለፍኩ። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ፈታሁት።»

«ፒንሳ የተጠየቅከው እኮ ሥራው ስላላለቀ ነው።»

«አላሰብኩም ነበር፣ ጌታዬ።»

«የት አለ ጨርቁ?»

ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኢንጂነሩ አንስተው ጥልፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱት ያልተሰፋችውን ቦታ አገኟት።

«ይህ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ማን ሰፋልህ?»

«እህቴ።»

«እህትህ ጎበዝ ናት። እዚህ ጋ ብቻ መስፋት ረስታለች።»

«አዎ ጌታዬ። ረስታ ነው።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ አልነበሩም፤ የሚያውቁት አንድ ሕግ ነበር፤ ያሰረው ሰው ፈትቶታል። የምርመራው ቃል ተነበበ፤ ጠሀ ፈረመ። ለፈተናው አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረው ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ፤ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውንና መታጠቂያውን መለሰ። ጨርቁ ማስረጃ ሆኖ ከወረቀቶቹ ጋር በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ሲወጣ ጠይብ ተለቅቆ እጁን ሊስመው ተንደረደረ።

«አላህ ይስጥህ፣ ጠሀ። እውነቱን ተናገርክልኝ።»

ጠሀ እጁን ነጠቀ። ከስድብ ይልቅ የሚያቃጥል ምርቃት እንዳለ ያን ቀን አወቀ።

*

ከአደጋው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሆስፒታል ሄደ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሶ ተመልሷል። በዚያው ሳምንት የራዲያ ኒካህ ለሐምሌ አምስት መቆረጡን ሰምቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚፈራው ነገር የቀረ አልመሰለውም።

ጋሼ አገኘሁ ሊወጡ ለብሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የኮታቸው ቀኝ እጅጌ ከክንዳቸው በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ባለቤታቸው ታክሲ ልትጠራ ወጥታለች።

«መጣህ» አሉ።

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«ኢንጂነሩ መጥተው ያልከውን አነበቡልኝ። መጀመሪያ አላመንኩም። ይህ ልጅ ቋጠሮ ሲያስር እንኳ ሦስቴ የሚያይ ልጅ ነው አልኳቸው። በኋላ ግን ሳስበው፣ ያንን ቋጠሮ ከእኔና ከአንተ በቀር የሚፈታው ማን አለ?»

ጠሀ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለዚህ ሰው ብቻ፣ በጆሮአቸው ብቻ። ግን የተነገረ እውነት ቤቱን አይጠብቅም፤ ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ እሱ ተምሯል። አፉን ዘጋ።

«እንድቆጣህ ነው የመጣኸው?» አሉ ጋሼ አገኘሁ። «ለመቆጣት ጉልበት ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኳቸውን ልጆች ቆጠርኳቸው፤ አንተን ነበር የምወደው። አጥፊው አንተ መሆንህን ብቻ ነው የማልወድልህ።»

ከዚያ ወደ እግራቸው አዩ። የግራ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። በግራ እጃቸው ጫፉን ያዙ፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ እጅ አልነበረም። ክሩ አመለጣቸው። እንደገና ያዙት። ጠሀ ማየቱን አልቻለም፤ ተንበርክኮ ከእጃቸው ወሰደው።

ጣቶቹ ሳይታዘዙ የለመዱትን ቋጠሮ አሰሩ። ጋሼ አገኘሁ ከላይ ሆነው ተመለከቱት፤ የራሳቸውን ትምህርት አወቁት።

«ጠበቅ አድርገው» አሉ በቀስታ። «ይህንን እንኳ ቶሎ አትፍታብኝ።»

ጠሀ አጠበቀው። ቋጠሮው ካለቀ በኋላም አልተነሳም። በደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ቃል የያዘች ወረቀት አሁንም ነበረች። ጎንበስ ሲል ታጥፋ ደረቱን ወጋችው፤ ፊቱን ለማንም ሳያሳይ እዚያው ጫማቸው ላይ አቀርቅሮ ቆየ።